ከብርሃኑ እስከ ብርድ ልብሱ፦ ደብረ ብርሃን በምን ትታወቃለች?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ሰው የሚደርስባት የደብረ ብርሃን ከተማ ስሟ ሲነሣ በሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው ነገር እንደ ሰውየው ማንነት ይለያያል። የታሪክ ተማሪ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብንና በሰማይ ላይ ታየ የሚባለውን ብርሃን ያስታውሳል፤ ነጋዴ በጉንና ብርድ ልብሱን ያስባል፤ ማለዳ ከአውቶቡስ የወረደ መንገደኛ አጥንት ሰብሮ የሚገባውን ብርድ አይረሳም፤ ካለፉት ሃያ ያህል ዓመታት ወዲህ ደግሞ ልጁ ለከፍተኛ ትምህርት የተመደበበት ወላጅ ዩኒቨርሲቲውን ያነሣል። ይህ ዝግጅት እነዚህን መታወቂያዎች በየተራ እየመረመረ፣ ለከተማዋ ስም የሰጣት ብርሃኑ ቢሆንም የሕዝቡን አኗኗር፣ እርሻና ኢንዱስትሪ የቀረጸው ግን የቦታዋ ከፍታና ከከፍታው የሚመነጨው ብርድ መሆኑን ለማሳየት የተዘጋጀ ነው።

በታሪክ ቅደም ተከተል ብርሃኑ ይቀድማል። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በመካከለኛው ዘመን ከነበሩት የኢትዮጵያ ነገሥታት ሁሉ በሃይማኖት ጉዳይ እጅግ የበረቱ፣ መጻሕፍትን የደረሱና ያስደረሱ፣ በ1450 እ.ኤ.አ. በተጉለት በምትገኘው በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አድርገው ከእሑድ ሰንበት ጋር ቅዳሜም እንድትከበር ያስወሰኑ ንጉሥ ነበሩ። ዜና መዋዕላቸው፣ ማለትም የንጉሡን ሥራና ዘመን የሚተርከው የቤተ መንግሥት ታሪክ፣ እንደሚለው ንጉሡ በመናፍቅነት የተከሰሱ ሰዎችን በድንጋይ ካስወገሩ በኋላ በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፤ እርሳቸውም ይህን የእግዚአብሔር ምስክርነት አድርገው በመቀበል በቦታው ቤተ ክርስቲያን አሳነጹ፣ ስሙንም ደብረ ብርሃን አሉት። የተወገሩት ሰዎች ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት፣ ለንጉሥ መስገድን አንቀበልም በማለታቸው ጭምር ከቤተ መንግሥቱ ጋር የተጋጩ የመነኮሳት ማኅበር አባላት እንደነበሩ ይታወቃል። ስለዚህ ለአንዱ ወገን የተስፋ ምልክት የሆነው ብርሃን ለሌላው ወገን የሰማዕትነት መታሰቢያ ነው፤ የከተማዋን አመሠራረት የሚተርክ ሰው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ቢናገር ታሪኩን ከግማሹ ይቆርጠዋል።

ብርሃኑ ምን ነበር ለሚለው ጥያቄ አንዳንድ የታሪክ ተመራማሪዎች ያቀረቡት ግምት በ76 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ወደ ፀሐይ የሚቀርበው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚል ነው። ጅራታም ኮከብ ማለት ከበረዶና ከአቧራ የተሠራ፣ ወደ ፀሐይ ሲቀርብ ሙቀቱ በረዶውን ወደ ጋዝ እየለወጠ ረጅም የብርሃን ጅራት የሚያወጣለት የጠፈር አካል ሲሆን፣ የሃሌ ኮከብ በ1456 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ በግልጽ ታይቷል። በዚያው ዓመት የቱርክ ኦቶማን ሠራዊት ቤልግሬድን ከብቦ ስለነበር አውሮፓውያንም ኮከቡን እንደየስሜታቸው የመዓት ወይም የድል ምልክት አድርገው ተርጉመውታል። ግምቱ ማራኪ ቢሆንም ግምት መሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ ዜና መዋዕሉን የጻፈው ሰው ስለ ሰማይ አካላት ማስረዳት ሳይሆን የንጉሡን ፍርድ ማጽደቅ ነበር ዓላማው።

የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሥራ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ትልቅ ቦታ የተሰጠው በብርሃኑ ምክንያት ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት ከቦታ ወደ ቦታ በድንኳን የሚዘዋወሩ በመሆናቸው ከተማ የሚባለው ራሱ የንጉሡና የሠራዊቱ ሰፈር ነበር፤ ቀለቡና ማገዶው ሲያልቅ ሰፈሩ ተነቅሎ ወደ ሌላ አውራጃ ይሄዳል። እርሳቸው ግን የመጨረሻዎቹን 12 ያህል ዓመታት በደብረ ብርሃን ተቀምጠው ከዚያው ሆነው አገር አስተዳደሩ፣ በ1468 እ.ኤ.አ. ደግሞ እዚያው ዐረፉ። ልጃቸው ዐፄ በእደ ማርያም ሲነግሡ ወደ ቀድሞው የመዘዋወር ልማድ በመመለሳቸው ደብረ ብርሃን ዋና ከተማ የመሆን ዕድሏ በአንድ ንጉሥ ዕድሜ ተወስኖ ቀረ።

እዚህ ላይ ከሩቅ አገር አንድ ማነጻጸሪያ ማምጣት ይጠቅማል። በሰሜን እንግሊዝ የምትገኘው የደርሃም ከተማም እንደ ደብረ ብርሃን በቤተ ክርስቲያን፣ በገዥ መኖሪያና በዩኒቨርሲቲ ትታወቃለች፤ ሦስቱም በወንዝ በተከበበ አንድ ኮረብታ ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል። በ1093 እ.ኤ.አ. ግንባታው የተጀመረው ካቴድራል እስከ ዛሬ ይቀደስበታል፤ የጳጳሳቱ ግንብ በ1832 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች መኖሪያ ሆኗል፤ በ1986 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካቴድራሉና ግንቡ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ልዩነቱ ደርሃም ዝናዋን በድንጋይ አስቀምጣ እንግዳን በእጇ እየጠቆመች ማሳየት መቻሏ ነው። ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት ግን ጎብኚ ቆሞ የሚያደንቀው ግድግዳ የለም፤ የዛሬው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንም በዐፄ ምኒልክ ዘመን የታነጸ ነው። በዚህ ላይ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በጣሪያው ላይ በተሣሉት የመላእክት ፊቶች የታወቀውን፣ ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ያሠሩትን የጎንደሩን ቤተ ክርስቲያን በመሆኑ፣ የሸዋዋ ደብረ ብርሃን በራሷ ስም ለሚጠራው ዝና እንኳ ተወዳዳሪ አላት ማለት ይቻላል።

ሌላዋ ተወዳዳሪ ቅርብ ናት። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አንኮበር በ19ኛው ምዕት ዓመት የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ስለነበረች የውጭ አገር ሰው በመጽሐፉ የሚጠራት እርሷን ነበር። ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር፣ በአንጎለላና በደብረ ብርሃን እየተዘዋወሩ ይቀመጡ ነበር፤ በ1841 እ.ኤ.አ. በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክት መጥቶ ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረመውም በእነዚህ መናገሻዎች በቆየበት ጊዜ ነው። ከአንኮበር ገደል በታች ያለችው የዓልዩ አምባ ገበያ ደግሞ ከሐረርና ከታጁራ የሚመጡ ነጋዴዎች አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ በዚያ ዘመን ልማድም ባሪያ ጭምር የሚለዋወጡባት ስለነበረች የሸዋ መንግሥት ሀብት ከፊሉ የሚገኘው ከዚያ በሚሰበሰበው ቀረጥ ነበር። ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ እንጦጦ፣ ኋላም ወደ አዲስ አበባ ሲያዛውሩ አንኮበር ዝናዋን እንጂ ሥልጣኗን ማስቀጠል አልቻለችም። ዛሬ በዓለም የአእዋፍ ተመራማሪዎች ዘንድ የምትጠራው በ1979 እ.ኤ.አ. በሳይንሳዊ ስሟ በተመዘገበችው፣ ገደሉን ተጠግታ በምትኖር አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ነው።

የአንኮበር ገደል የአካባቢውን የተፈጥሮ አቀማመጥ ለመረዳት ቁልፍ ነው። ምድር ተሰንጥቃ የስምጥ ሸለቆን በፈጠረችበት ጠርዝ ላይ የተቀመጠው ይህ ገደል ከላይ የደጋ ገብስ እያሳየ ከታች ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ ከጠርዙ በምሥራቅ የሚወርደው ውኃ ወደ አዋሽ ሲሄድ፣ በደብረ ብርሃን በኩል የሚያልፈው የበረሳ ወንዝ ግን ወደ ምዕራብ ታጥፎ በጀማ በኩል አባይን ይቀላቀላል። በሁለቱ ተፋሰሶች መካከል እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቶ የሚታየው ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ አለው፤ የደብረ ብርሃን የብርድ ምንጭም ይኸው ነው።

የኢትዮጵያ ገበሬ አገሩን በከፍታው ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብሎ ሲከፍል የሚያስቀምጠው የአየር ንብረት ክፍፍል ሳይንሱ ከሚለው ብዙም አይርቅም። አየር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ስለሚሳሳና ስለሚቀዘቅዝ በየ1,000 ሜትሩ ከ6 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀት ይቀንሳል፤ ደብረ ብርሃንም በምድር ወገብ አቅራቢያ ባለች አገር ውስጥ ሆና እንኳ ቀዝቃዛ የምትሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ገበሬውን የሚያስፈራው አማካይ ቅዝቃዜው ሳይሆን ዝናቡ ካቆመ በኋላ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት የሚጥለው ውርጭ ነው። በእነዚያ ወራት ሰማዩ ደመና የለውም፤ አየሩም ደረቅ ስለሆነ ምድር ቀን የጠጣችውን የፀሐይ ሙቀት ሌሊት እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖ የሚያቆይላት የለም። ሙቀቱ ወደ ሰማይ ሲያመልጥ በመሬት አጠገብ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ደግሞ ከኮረብታው ወደ ሜዳውና ወደ ወንዝ ዳሩ እየፈሰሰ ይተኛል። ተዳፋት ላይ የተዘራው ባቄላ ተርፎ ከታች ሜዳው ላይ የተዘራው ጠቁሮ የሚያድረው ስለዚህ ነው፤ ፍሬው ገና ሳይጠነክር ውርጭ ያገኘው ሰብል በአንድ ሌሊት የዓመት ድካምን ይዞ ይሄዳል።

ብርዱ በእርሻው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በውርጭ አያበቃም። በደጋው ላይ የዛፍ እድገት አዝጋሚ፣ ደን ደግሞ ከወፍ ዋሻ ዓይነት ገደላማ ቦታዎች በስተቀር የተመናመነ በመሆኑ፣ እንጀራ መጋገሪያውም ቤት ማሞቂያውም በአመዛኙ ኩበት ነው። የከብቱ እበት ከገለባ ጋር እየተለወሰ በእጅ ይጠፈጠፋል፤ ከዚያም በፀሐይ ደርቆ ለክረምት እንዲሆን በግቢ ውስጥ ይከመራል፤ የተረፈው ከተማ ወጥቶ ይሸጣል። ለአንዲት እናት የኩበት ገንዘብ የጨውና የሳሙና መግዣዋ ስለሆነ ይህን ልማድ ከውጭ ሆኖ መውቀስ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ወደ ማሳ ቢመለስ አፈሩን ያዳብር የነበረው እበት በምድጃ ውስጥ አመድ ሲሆን መሬቱ ዓመት በዓመት ይራቆታል። ከዚህም የተነሣ የአካባቢው ገበሬ ከጥንት ጀምሮ አፈር ማጋየት የሚባል ዘዴ ሲጠቀም ቆይቷል፤ ለረጅም ጊዜ አድሮ የቆየውን መሬት አርሶ አፈሩን ከነሣሩ በየቦታው ይከምርና በውስጡ እሳት ለኩሶ ለቀናት እያጨሰ እንዲቃጠል ያደርገዋል። ሙቀቱ በአፈሩ ውስጥ ታስሮ የነበረውን ፎስፈረስ የተባለ ለሰብል አስፈላጊ ንጥረ ነገር ስለሚፈታና ውኃ የሚይዘውን ጭቃማ አፈር ስለሚያፍረከርከው የመጀመሪያው ዓመት ገብስ ያማረ ይሆናል። ሆኖም እሳቱ በአፈሩ ውስጥ ያለውን የበሰበሰ የዕፀዋት ቅሪትና ናይትሮጂን ስለሚያጠፋ ምርቱ ብዙ ሳይቆይ ይወድቅና መሬቱ እንደገና ለብዙ ዓመታት ማደር ግድ ይሆንበታል። መሬት ሰፊ በነበረበት ዘመን ብልሃት የነበረው ይህ ዘዴ ማሳው በጠበበበት በዛሬው ጊዜ ኪሳራ መሆኑን ገበሬው ራሱ ሳይረዳው የቀረ ነገር አይደለም።

ሰብል የማያስተማምን ከሆነ መተማመኛው በግ ይሆናል። በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ባለው በመንዝ አካባቢ ስም የመንዝ በግ የሚባለው ዝርያ በአካሉ አነስተኛ፣ ጅራቱ ስብ የሚያጠራቅም፣ አውራው ቀንድ ያለው ሲሆን፣ ብርድንና የመኖ እጥረትን ችሎ በመኖር ይታወቃል። ከአብዛኞቹ የኢትዮጵያ በጎች የሚለየው ግን ሰውነቱን የሚሸፍነው ጸጉር የሚሸለት ሻካራ ሱፍ መሆኑ ነው። ሱፉ ሻካራ ስለሆነ ለቀጭን ልብስ አይመችም፤ ለምንጣፍ፣ ለባናና ለበርኖስ ግን የተፈጠረ ይመስላል። ባና ማለት ደጋ ላይ ሌሊት የሚለበስ ወፍራም የሱፍ ልብስ ነው፤ በርኖስ ደግሞ ሰው ከብርድና ከዝናብ ለመጠበቅ ከትከሻው ላይ የሚደርበው ካባ ነው። የበጉ ሱፍ በመጀመሪያ ይሸለታል፤ ታጥቦም ይደርቃል፤ ከዚያ በደጋን፣ ማለትም በተወጠረ የቀስት ጅማት፣ እየተመታ ይነደፋል፤ ሲፍታታና እንደ ደመና ሲነፋ በእንዝርት ተፈትሎ ወደ ሸማኔ ይሄዳል። ነጩና ጥቁሩ ሱፍ ቀለም ሳይነከር በተፈጥሮ መልኩ እየተቀያየረ ሲሸመን የሚወጣው መስመር የመንዝ ምንጣፍ ዋና ጌጥ ነው። አንድ ባና በቤት ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የሚኖር ዕቃ በመሆኑ ዋጋውም ክብሩም ከቀላል ልብስ ጋር አይቀራረብም።

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በደብረ ብርሃን የተቋቋመው የብርድ ልብስ ፋብሪካ በዚህ በቆየ ልማድ ላይ የበቀለ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ፋብሪካው የከተማዋን ስም በየክፍለ አገሩ ወደ ሰው መኝታ ቤት አስገባው፤ ደብረ ብርሃንን አይተዋት የማያውቁ ቤተሰቦች ስሟን የተማሩት ከታሪክ መጽሐፍ ይልቅ ከብርድ ልብስ ነው። አንዲት ከተማ በምትሸጠው ዕቃ መታወቋ በንጉሥ ከመታወቋ የሚያንስ ዝና ተደርጎ አንዳንድ ጊዜ ይቆጠራል። ይህ አስተሳሰብ ግን ንጉሡ ለ12 ዓመታት የሰጡትን ክብር ከፍ አድርጎ ሸማኔውና የፋብሪካ ሠራተኛው በየዘመኑ ያቆዩትን ዝቅ ማድረግ በመሆኑ ሚዛን የጎደለው ነው።

ገብሱም የራሱን ዝና አምጥቷል። ብርድን ከሚችሉት የእህል ዓይነቶች ቀዳሚው ገብስ ስለሆነ በደጋው ላይ በሶውም፣ ቆሎውም፣ ጠላውም ከእርሱ ይሠራል፤ የደብረ ብርሃን አረቄም ከከተማዋ አልፎ በሩቅ ገበያ ስሙ የሚጠራ ነው። ካለፉት ዐሥር ያህል ዓመታት ወዲህ የዳሸንና የሐበሻ ቢራ ፋብሪካዎች በከተማዋ መተከላቸው፣ ቡርትማልት የተባለው የውጭ ኩባንያም በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የብቅል ፋብሪካ መክፈቱ የዚሁ ቀጣይ ነው። ብቅል የሚሠራው ገብሱን በውኃ ዘፍዝፎ በማብቀልና በተገቢው ጊዜ በሙቀት በማድረቅ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ በእህሉ ውስጥ ያለው ስታርች ወደ ስኳር የሚለወጥበት ኃይል ይፈጠራል። ጠላ ጠማቂዋ በቤቷ በዕንስራ የምትሠራውን ፋብሪካው በብረት ጋን ይሠራዋል፤ ዋናው ልዩነት ፋብሪካው ለገበሬው የሚያስቀምጠው መስፈርት ነው። የቢራ ገብስ ፍሬው እኩል የሆነና የፕሮቲን መጠኑ ያልበዛ መሆን ስለሚገባው ለቤት ፍጆታ ከሚዘራው የአገር ገብስ የተለየ ዘርና እንክብካቤ ይጠይቃል።

ዩኒቨርሲቲው ከእነዚህ ሁሉ በዕድሜ ታናሽ ነው። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ የጤና ሳይንስ ግቢው በታዋቂው የቀዶ ሕክምና ሊቅ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ተሰይሟል። ከተማዋ ግን ለትምህርት ከዚያ በፊትም እንግዳ አልነበረችም፤ ለገጠር ትምህርት ቤቶች መምህራንን ያሠለጥን የነበረው ተቋምና በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም የሚጠራው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብዙ ትውልድ አፍርተዋል። በምርምርም በኩል የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት እርባታ ማዕከል ይባል የነበረው ድርጅት በደብረ ብርሃን የደጋ ጣቢያ ነበረው፤ ዛሬም በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ሥር የሚሠራ ማዕከል በከተማዋ ይገኛል።

የምርምሩን ታሪክ ለማሳየት ተመራማሪዎቹ ስለ በጉ የተማሩትን መከተል ይበቃል። መጀመሪያ የታሰበው የመንዝን በግ ከውጭ በመጡ ትልልቅ ዝርያዎች፣ በተለይም አዋሲ ከተባለው የመካከለኛው ምሥራቅ በግ ጋር አዳቅሎ ሥጋውንና ሱፉን ማሳደግ ነበር። ዲቃላው ጠቦት በእርግጥ ይገዝፋል፤ ሆኖም የተሻለ መኖ ይፈልጋል፣ ከመንግሥት ጣቢያ የሚወጣው የአውራ በግ ቁጥርም ለሁሉም ገበሬ የሚደርስ አልነበረም። በ2009 እ.ኤ.አ. በመንዝ የተጀመረው ሌላው መንገድ ግን ከነባሩ በግ የተነሣ ነው። በአንድ መንደር ያሉ ገበሬዎች መንጎቻቸውን እንደ አንድ መንጋ በመቁጠር የተወለዱ ግልገሎችን ከነእናታቸው ይመዘግባሉ፤ ክብደታቸው በየጊዜው ይለካል። አውራ ሊሆኑ የሚችሉት ወጣት በጎች በአንድ ቀን ወደ አንድ ቦታ ይነዳሉ፤ ተመራማሪው የክብደትና የዘር መረጃውን ሲያቀርብ፣ በገበሬዎች የተመረጠው ኮሚቴ ደግሞ ቁመናውን፣ ጅራቱን፣ መልኩንና ቀንዱን አገላብጦ ያያል። የተመረጡት በየተራ ከቤት ቤት እየዞሩ የመንደሩን በጎች ያስረግዛሉ፤ ያልተመረጡት ተቀጥቅጠው ሙክት ይሆኑና ለበዓል ገበያ ይቀርባሉ። አውራውን ለመሸጥ የቸኮለ ገበሬ ጥሩውን ዘር አስቀድሞ ያጠፋ የነበረበት የቆየ ችግር በዚህ መንገድ መቃለል ጀምሯል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ደብረ ብርሃን በሌላ ምክንያት ስሟ ይነሣል። በግጭት ምክንያት ከወለጋና ከሌሎችም አካባቢዎች የተፈናቀሉ በርካታ ሰዎች በከተማዋ በተዘጋጁ መጠለያዎች ሰፍረዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከሞቃት አገር የመጡ ስለሆኑ በሸራ ድንኳን ውስጥ የጥቅምትንና የኅዳርን ሌሊት የሚጋፈጡት ባናውም በርኖሱም ሳይኖራቸው ነው። ከእህሉ ቀጥሎ ለእነዚህ ሰዎች በተደጋጋሚ የሚጠየቀው እርዳታ ብርድ ልብስ ነው።